4.30 ሜትር የአሉሚኒየም ጀልባን ለመረብ ሥራ ማዘጋጀት፦ ከሐዋሳ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፦ ጀልባዋ ስትገባ

ርዝመቷ 4.30 ሜትር፣ ወገቧ ላይ ስፋቷ 1.65 ሜትር ነው። የሆዷ ላሜራ 2.5 ሚሊ ነው። በውስጥ በኩል በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የጎን አጥንት አላት፤ መሃል ለመሃል ደግሞ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ የሚሄድ የሆድ አጥንት አለ። ሙሉ በሙሉ በብየዳ የተሠራች ናት። በሪቬት (ጫፉ በሚቀጠቀጥ ችንካር) የተያያዘች ብትሆን ኖሮ ሥራውን አንቀበልም ነበር። ሪቬት ባለው ጀልባ ላይ በአርጎን ጋዝ ሲበየድ ሙቀቱ በላሜራው ውስጥ ይሮጥና በዙሪያው ያሉትን ሪቬቶች ያላላል፣ በመካከል ያለውንም ማሸጊያ ያቃጥላል። አንዱ ሲደፈን ሌላው ያፈሳል።

ጀልባዋ የተሠራችው በመንጠቆ ለሚዝናና ሰው ነው፦ ሦስት አግዳሚ መቀመጫ፣ ከሥራቸው ፎም፣ ሌላ ምንም። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ግን እንጀራው መረብ ነው። ማታ ይጣላል፣ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፣ ቆሮሶው (ቲላፒያው) ይለቀማል፣ ፀሐይ ሳይበረታ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ይደርሳል። የተፈለገው ፊት ላይ መረብ የሚከመርበት መድረክ፣ መሃል ላይ በረዶ የሚይዝ የዓሣ ሣጥን፣ በጎን የመረብ መጎተቻ ሮለር፣ ኋላ ደግሞ የ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሸከም ግድግዳ ነው።

ከመጀመሪያው ያሰመርነው መስመር አንድ ነው፦ ውኃ በሚነካው ላሜራ ላይ አዲስ ዕቃ በቀጥታ አይበየድም። የሚጨመረው ሁሉ በአጥንት ላይ ይቆማል። ቀጭኑ ላሜራ ማዕበል በመታው ቁጥር ትንሽ ይተነፍሳል። በላዩ ላይ ድጋፍ ከተበየደበት ትንፋሹ ብየዳው ያለቀበት ጫፍ ላይ ድንገት ይቆማል። በዚያው ቦታ ሙቀቱ ብረቱን አለስልሶታል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ጫፍ ነው። መለኪያዎቹ ሁሉ ከዚህ ደንብ የወጡ ናቸው።

ሰኞ ከሰዓት፦ ቁሳቁስ

3 ሚሊ ውፍረት ያለው 5052-ኤች32 ላሜራ (እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የአሉሚኒየም ቅይጥ ዓይነት መለያ ናቸው)፣ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ሁለት። ለሣጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ዓይነት 2 ሚሊ፣ አንድ። 40 በ40 በ3 ሚሊ አንጎላሬ፣ 6061-ቲ6፣ 12 ሜትር። ለኋላው ማገጃ 5 ሚሊ ቁራጭ 5083። የውጭ ስፋቱ 60 ሚሊ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ቱቦ ግማሽ ሜትር። 2.4 ሚሊ 5356 ፊለር (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚቀልጥ የብየዳ ዘንግ) 2 ኪሎ። ንጹሕ አርጎን፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተቀላቀለው ለአሉሚኒየም አይሆንም።

ፊለሩ 4043 ያልሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። 4043 ሲልከን አለው። 5083ን የመሰለ ማግኒዥየም የበዛበት ብረት ላይ ሲገባ ሲልከኑና ማግኒዥየሙ ተጣምረው መገጣጠሚያውን ተሰባሪ ያደርጉታል። 5356 ግን 5052ንም፣ 5083ንም፣ 6061ንም ይይዛል። የአሮጌ ጀልባ ብረት ዓይነቱ ባልታወቀ ጊዜም የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው።

ለመስኮትና ለበር የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፕሮፋይል በየሱቁ ስላለ ብዙ ሰው ለጀልባም ይሆናል ብሎ ያመጣል። አይሆንም። ብዙውን ጊዜ 6063 ነው፤ ግድግዳው ከ1.5 ሚሊ አይበልጥም፤ ፊቱም በአኖዳይዝ የደነደነ ሽፋን ስላለው ሽፋኑ እስኪላጥ የብየዳው ቅስት ይንቀጠቀጣል። 6061-ቲ6ም ቢሆን ብየዳው አጠገብ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ስለሚያጣ ለተሸካሚ አግዳሚ እንጂ ለመገጣጠሚያ ጉልበት አንተማመንበትም።

ማክሰኞ፦ ማፍረስ

መቀመጫ ለመቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ጎኖች አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው። የመሃሉ መቀመጫ ያለ ምትክ ከተቆረጠ ጀልባዋ ወደ ውጭ ትከፈታለች፤ በመጀመሪያው ማዕበልም ሆዷ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ይሠቃያል። ስለዚህ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ቱቦላሬ ከጎን ወደ ጎን ጥለን፣ 1.65 ሜትሩን ጠብቀን በሞርሳ አሰርን። ቱቦላሬው የሚነሳው የሣጥኑ ግድግዳዎች ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። የኋላው መቀመጫ አይነካም።

ፎሙ በሙሉ ወጣ። ሲነሳ ይከብዳል፤ ዓመታት ውኃ ጠጥቷል። ደረቅ ቢሆንም መውጣቱ ግዴታ ነው፦ ፖሊዩሬቴን ፎም ሲቃጠል ሳያናይድ ያለበት ጭስ ያወጣል። የነዳጅ ጋኑና ባትሪውም ከግቢው ወጥተዋል።

ስለ መቁረጥ፦ ለእንጨት የሚሆነው ካርባይድ ጥርስ ያለው ክብ መጋዝ አሉሚኒየምን በሚገባ ይቆርጣል። ምላጩ ላይ ሻማ ማሸት ብናኙ ጥርስ መካከል እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ተራውን የብረት መፍጫ ድንጋይ ግን እንዳትነኩት። አሉሚኒየም ቀዳዳዎቹን ይሞላል፣ ድንጋዩ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፍላፕ ዲስክ ይበጃል፤ እሱም ጥቁር ብረት ነክቶ የማያውቅ አዲስ ይሁን። የብረት ብናኝ አሉሚኒየም ውስጥ ከተቀበረ ቦታው በኋላ ጉድጓድ ጉድጓድ እየሆነ ይበላል።

ማክሰኞ ማታ፦ አሮጌው ጥገና

ከመሃል ወደ ቀኝ፣ ከአፍንጫዋ 1.20 ሜትር ላይ ቀድሞ የተለጠፈ ቁራጭ አለ። አራት ማዕዘን ነው፣ ማዕዘኖቹ ሹል ናቸው፣ ቀጥታ ላሜራው ላይ ዙሪያውን ተበይዷል። ቀለሙ ሲላጥ ከአንዱ ማዕዘን የወጣ፣ ፀጉር የሚያክል 11 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ ታየ። ከላይ የተጻፈውን ደንብ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፦ ቁራጩ ድሮ የነበረውን ቀዳዳ ደፍኗል፣ ጫፉ ግን አዲስ ስንጥቅ ወልዷል።

አጠጋገኑ እንዲህ ነው። የስንጥቁን ትክክለኛ መጨረሻ ለማግኘት ቀይ መመርመሪያ ቀለም ይረጫል፤ ዓይን የሚያየው መጨረሻና እውነተኛው መጨረሻ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ይራራቃሉ። ከእውነተኛው መጨረሻ ላይ በትራፓኖ 4 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህ ስንጥቁ በብየዳው ሙቀት ፊት ለፊት እየሸሸ እንዳይሄድ ያቆመዋል። ቁራጩ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የተጎዳው ላሜራ ከስንጥቁ ጋር አብሮ ይቆረጣል። የሚተካው 2.5 ሚሊ 5052 ማዕዘኖቹ ቢያንስ 40 ሚሊ ራዲየስ ተሰጥቷቸው ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል እንጂ አይደረብም። ውኃ በሚነካው ላሜራ ላይ የተፈቀደው ብየዳ ይህ ብቻ ነው፤ ዕቃ መለጠፍ ሳይሆን ላሜራን በላሜራ መተካት ነው።

ረቡዕ ጠዋት፦ ማሽኑን ማስተካከል

ብየዳ የምንጀምረው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አርጎኑን ይገፋዋል። ከሰዓት መሥራት ግድ ከሆነ በሸራ ይከለላል፤ የጋዙን ፍሰት መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም። ከ15 ሊትር በደቂቃ በላይ ሲሄድ ጋዙ ራሱ ይታወክና አየር ይስባል።

አሁን ያለንበት ልክ፦ ኤሲ፣ 120 ኸርዝ፣ ባላንስ 70 በመቶ ወደ ማቅለጫው ጎን፣ 2.4 ሚሊ ላንታነም ያለው ተንግስተን (ቅስቱ የሚነሳበት ዘንግ)፣ አርጎን 10 ሊትር በደቂቃ። ለ3 ሚሊ የማዕዘን ብየዳ 130 አምፔር፣ ለ2.5 ሚሊ ጠርዝ ለጠርዝ 100። የመነሻ ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሚሊ 40 አምፔር ያህል ነው፤ ከዚያ ቁራጭ ላይ እየሞከሩ ማረም። ላሜራው እየጋለ ሲሄድ ያው አምፔር ይበዛበታል፤ እግር ፔዳል ያለው ማሽን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፊቱን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ኦክሳይዱ ካልጸዳ ሥሩ ቀልጦ ላዩ እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ፊለሩ ከላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይዋሐድም። የጽዳቱ ቅደም ተከተል አይለዋወጥ፦ መጀመሪያ በአሴቶን ቅባቱን ማንሳት፣ ከዚያ አሉሚኒየም ብቻ በሚነካ የማይዝግ ብረት ብሩሽ መፋቅ። ብሩሹ ከቀደመ ቅባቱን ጭረት ውስጥ ይቀብረዋል። የዓሣ ጀልባ ላይ ቅባቱ ብዙ ነው፤ ደግሞም የላሜራው ጀርባ ይጽዳ። ፊቱ ቢያበራም ጀርባው ቆሻሻ ከሆነ የቀለጠው ኩሬ ከሥር ይስበዋል፣ ብየዳውም እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ይሆናል። ቀዳዳውን የሚያመጣው ሃይድሮጂን ነው፤ ምንጩም ቅባት፣ ቀለምና እርጥበት ነው። ጠዋት ጤዛ ካለ ላሜራውን እጅ እስኪሞቀው ድረስ ብቻ ማሞቅ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ለዚህ ጽዳት አይነካ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት በቅስት ብርሃን ሥር ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል።

ረቡዕና ሐሙስ፦ የፊት መድረክ

ስፋቱ 1.3 ካሬ ሜትር ነው። 3 ሚሊ አሉሚኒየም በካሬ ሜትር 8.1 ኪሎ ስለሚመዝን መድረኩ ብቻውን 10.5 ኪሎ ገደማ ሆነ። ከጎኗ ከንፈር 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፦ የቆመ ሰው ከጉልበቱ በታች የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ ክብደቱም ወደ ላይ አይወጣም። ወደ ኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘነብላል፤ ከመረቡ የሚወርደው ውኃ በሁለት 20 ሚሊ ቀዳዳ ይወርዳል።

የአንጎላሬው አግዳሚዎች የተቀመጡት በአጥንቶቹ ራስ ላይ ነው። ጠርዙ ወደ ታች 30 ሚሊ ታጠፈ። 5052-ኤች32 3 ሚሊ ሲሆን የውስጥ ራዲየሱ ከ4.5 ሚሊ ባያንስ ጥሩ ነው፤ የማጠፊያው ቢላ ለቀጭን ቆርቆሮ የተሳለ ከሆነ ጫፉ ላይ ክብ ዘንግ ይደረብበታል። 6061-ቲ6ን በዚያ ራዲየስ ማጠፍ አይሞከር፤ በውጭ በኩል ይሰነጠቃል።

አሉሚኒየም በሙቀት የሚረዝመው ከብረት እጥፍ ገደማ ነው። መድረኩን ዙሪያውን ሳያቋርጡ መበየድ ማለት መሃሉ ላይ የሚዘል እብጠት መፍጠር ነው፤ ሲረግጡት ቡም ይላል። መጀመሪያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በነጥብ ተያዘ። ከዚያ ከሥር በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ተበየደ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ተዘለለ፤ አንዱ ከቀኝ ሲሆን ቀጣዩ ከግራ። ከእያንዳንዱ ብየዳ መጨረሻ ላይ ቶርቹ በድንገት አይነሳም። አምፔሩ ቀስ እያለ ሲወርድ አንድ ጠብታ ፊለር ይጨመራል፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ ሲቀዘቅዝ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ይተዋል።

የመድረኩ ፊት ሙሉ ለሙሉ ለስላሳ ነው። የተንጠለጠለ ብሎን የለም፣ የተነጠበ ላሜራ የለም። መንሸራተትን ለመከላከል እግር የሚቆምበት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ላይ ደቃቅ አሸዋ የገባበት ቀለም ይቀባል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አሮጌ የናይለን ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ ጠርዙን ሁሉ ማሸት። ካልሲው የያዘውን ቦታ መረቡም ይይዘዋል፤ ያ ቦታ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይታከማል።

ዓርብ፦ የዓሣ ሣጥኑ

አጥንቶቹ በየ40 ሴንቲ ሜትር ስላሉ የሣጥኑ የውጭ ርዝመት 80 ሆነ፤ የፊቱም የኋላውም ግድግዳ አጥንት ላይ አረፈ። ግድግዳዎቹ ከጎን ወደ ጎን የሚሄዱ 3 ሚሊ ላሜራዎች ናቸው፤ የተቆረጠውን መቀመጫ ሥራ የተረከቡት እነሱ ናቸው። የተበየዱት ከአጥንት ጋር ነው። ከሆዱ ላሜራ 10 ሚሊ ከፍ ብለዋል፤ ሹል ጠርዝ ላሜራውን አይነካውም፣ ከሥርም ውኃ እየተላለፈ ወደ ኋላ ይደርሳል።

የውስጥ ሣጥኑ 70 በ60፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፦ 168 ሊትር። 50 ኪሎ ዓሣ ከ50 ኪሎ ከተፈጨ በረዶ ጋር ይይዛል፤ ለሞቃት አገር ከሚመከረው አንድ ለአንድ መጠን መውረድ አይገባም። በውስጡና በውጩ ግድግዳ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ፎም አለ። የውስጡ መገጣጠሚያ ያለ ክፍተት ይበየዳል። ስፌት መሰል ብየዳ እዚህ ከገባ ደምና ቅርፊት ይደብቃል፣ ይሸታል፣ ብረቱንም ይበላል። ማዕዘኖቹ ታጥፈው ክብ ስለሆኑ በብሩሽ ይታጠባሉ። ከታች ማፍሰሻ አለው፤ ዓሣ የቀለጠ በረዶ ውስጥ ተኝቶ እንዳይውል።

ከሣጥኑ ግራና ቀኝ እስከ ጎኗ ድረስ የቀሩት ክፍሎች መንሳፈፊያ ፎም ይይዛሉ። ስሌቱ ይህ ነው፦ ጀልባዋ ከተጨመረው ጋር 135 ኪሎ ገደማ ናት፤ አሉሚኒየም ውኃ ውስጥ ከክብደቱ 63 በመቶ ያህሉ ስለሚቀር 85 ኪሎ። ሞተርና ባትሪ 55። አንድ ሜትር ኩብ 32 ኪሎ የሚመዝን ፎም 968 ኪሎ ያነሳል። 0.25 ሜትር ኩብ 242 ኪሎ ሰጠን፤ የሚተርፈው 100 ኪሎ ያህል ለሚንጠለጠሉት ሰዎች ነው። ከዚህ አብዛኛው ከፍ ብሎ በጎን ይቀመጣል። ሁሉም ወለሉ ላይ ቢሆን ውኃ የሞላት ጀልባ ሆዷን ወደ ላይ ትገለብጣለች።

ዕቃ የሚታሸግበት ነጭ ፎም ይቅር። ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ዝግ ቀዳዳ ያለው ሁለት ፈሳሽ ፖሊዩሬቴን ይመረጣል፤ እሱም ብየዳና ምርመራ ካለቀ በኋላ በስስ በስስ ይፈስሳል። በአንድ ጊዜ ከተሞላ በመጋልና በመስፋፋት ቀጭኑን ግድግዳ ያሳብጠዋል።

ቅዳሜ፦ ሮለርና የኋላ ግድግዳ

ሮለሩ በግራ በኩል ከመድረኩ ጀርባ ነው። መረብ ጉቶ ሲይዝ የሚመጣው ጉተታ ወደ ታችም ወደ ጎንም ስለሆነ የድጋፉ እግር ሁለት አጥንት ይረግጣል። የድጋፉ ቱቦ ሁለት ጫፍ ሲዘጋ 3 ሚሊ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይተዋል። ያለዚያ ውስጡ ያለው አየር ይግልና የመጨረሻውን ብየዳ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ዘንጉ 20 ሚሊ የማይዝግ ብረት፣ ማሽከርከሪያው ናይለን ነው። ናይለኑ ለመሽከርከር ብቻ አይደለም፤ የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ውስጥ በቀጥታ ከተነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

የኋላ ግድግዳው ውስጥ የነበረው እንጨት በስብሷል። ሁለት 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በኤፖክሲ ተጣብቀው ገቡ፤ ጠርዛቸውና የብሎን ቀዳዳቸው ውስጡ ሳይቀር ኤፖክሲ ጠጥቷል። እንዳይበሰብስ በመዳብ ጨው የታከመ እንጨት አሉሚኒየም አጠገብ አይገባም፤ መዳቡ ብረቱን ይበላል። ለዚሁ ምክንያት መዳብ ያለበት የጀልባ ቀለምም አይቀባም። ከግድግዳው ወደ ሆድ አጥንቱ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ማገጃ፣ 5 ሚሊ፣ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ተበየደ። የሞተሩ ግፊት ከግድግዳው ማዕዘን ወጥቶ ወደ አጥንቱ የሚሄደው በእነሱ ነው። ከእያንዳንዱ ማገጃ ሥር ብየዳዎች እንዳይገናኙና ውኃ እንዳይታቆር 30 ሚሊ ግማሽ ክብ ተቆርጧል። የግድግዳው ከፍታ ለአጭር እግር ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሰኞ፦ ምርመራ

ጠመኔ በውኃ ተበጥብጦ በውስጥ በኩል በተተካው ላሜራ መገጣጠሚያዎች ላይ ተቀባ። ሲደርቅ በውጭ በኩል ነጭ ጋዝ ተለቀለቀ። ነጭ ጋዝ ውኃ የማያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ያሳያል። አንድ ነጥብ ወጣ፣ ብየዳው ተጀምሮ የተጠናቀቀበት መጋጠሚያ ላይ። አዲስ ፊለር ከላይ መጨመር አይበቃም፦ እስከ ሥሩ ይቆፈራል፣ ነጭ ጋዙ በአሴቶን ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይፈተሻል።

ሽቦዎቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ናቸው፤ ኔጋቲቩ በጀልባዋ አካል አይመለስም። በአካሏ የሚመለስ ጅረት ውኃ ውስጥ ብረቱን ይበላዋል።

ማክሰኞ፦ ውኃ ላይ

ሁለት ሰው፣ ሙሉ መረብ፣ ሣጥኑ ውስጥ 60 ኪሎ። ጀልባዋ ደረጃዋን ጠብቃ ተቀመጠች። ሞተሩ ግን በሙሉ ጋዝ 4,700 ዙር ላይ ቆመ፤ መመሪያው ከ5,000 እስከ 6,000 ይላል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ከ15ቱ ፈረስ 12.5 ያህሉ ነው የቀረው። ፕሮፔለሩ ግን ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ባለ 10 ኢንች ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት) ነበር። በባለ 8 ኢንች ሲቀየር 5,100 ደረሰ፤ ጭነት ይዛ ለመነሳትም አላንገራገረችም። ዙር ሳይሞላ በሙሉ ጋዝ መንዳት ሞተርን ያግላል፣ ነዳጅም ይበላል፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩ ጀልባዋ ለባለቤቶቿ ከመሰጠቷ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከሰዓት በነፋሱ ላይ ተመልሳ ወጣች። ስትደርስ የሮለሩ ሁለት እግር፣ የማገጃዎቹ ጫፍና የተተካው ላሜራ ዙሪያ በቀይ መመርመሪያ ቀለም ታዩ፤ ንጹሕ ናቸው። ፎሙ ነገ ይፈስሳል። እነዚህ ሦስት ቦታዎች ከመጀመሪያው ወር ሥራ በኋላ ጀልባዋ ተገልብጣ እንደገና ይታያሉ።